ዓባይን በትከሻ የተሻገረችው መኪና

ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ካሉት ጋራዦች ወደ አንዱ ጎራ በሉና ጆሯችሁን ጣል አድርጉ። ባሌስትራው ተሰብሯል፣ ካንዴላው ይቀየር፣ ቴስታታው ይውረድ፣ ፍሪሲዮኑ አልቋል ሲባል ትሰማላችሁ። ይህን የሚለው መካኒክ ገና የሃያ ዓመት ልጅ ሊሆን ይችላል። ጣሊያንን ከኳስ ሌላ በምንም አያውቃት ይሆናል። አፉ ላይ ያሉት ቃላት ግን የጣሊያን ናቸው። ሌላው ይቅርና መኪና የምንለው ቃል ራሱ ከዚያው ነው የመጣው።

እንግዲህ ጋራዥ ውስጥ ካሉት አሮጌ ዕቃዎች ሁሉ ዕድሜ ጠገቡ ቋንቋው ነው ማለት ነው። ከጓሮ ደግሞ ሌላ አሮጌ ነገር አይጠፋም፤ የዛገ ብረት ክምር። የማን መኪና እንደነበር ማንም አይጠይቅም። አንድ ቀን ቆራሌው ይመጣል፣ በኪሎ ይመዝናል፣ ብረቱ ወደ ማቅለጫ ይሄዳል። አለቀ።

ሌላው ዓለም ላይ ነገሩ እንዲህ አይደለም። አሮጌ ጋራዦችንና የድሮ የእሽቅድምድም መኪኖችን የሚያድሱ ሰዎች አንድ የዛገ ካምቢዮ ሲያገኙ መጀመሪያ የሚፈልጉት ቁጥሩን ነው። ሞተሩ ላይ የተመታውን ቁጥር፣ ሻንሲው ላይ ያለችውን ትንሽ ሰሌዳ፣ የፋብሪካውን ምልክት አገላብጠው ያያሉ። ከዚያ የድሮ ፎቶና የሽያጭ ደብተር እያመሳከሩ ያ ብረት የትኛው ውድድር ላይ እንደሮጠ፣ ማን እንደነዳው፣ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደተላለፈ ይደርሱበታል። አንዳንዱ በአንድ ዕቃ ላይ ዓመታት ይፈጃል። የሚገርመው፣ ታሪኩ የታወቀ ብረት ታሪክ ከሌለው ብረት ዋጋው በብዙ ይበልጣል።

የዛሬው ጨዋታችን የጎጃምን የመጀመሪያ የመኪና ብረት ታሪክ እንዲሁ ወደ ኋላ መከተል ነው። ስንከተለው ከአንድ ሰው ደጅ ያደርሰናል፤ ከራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት።

የንጉሥ ልጅ

ራስ ኃይሉ የተወለዱት በ1860 ዓ.ም. ገደማ ነው። አባታቸው ራስ አዳል ተሰማ ናቸው፤ በጥር 1873 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ዘውድ ደፍተውላቸው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ ንጉሠ ጎጃም ወከፋ የተባሉት። ኃይሉ ግን በሕግ ጋብቻ የተወለዱ ልጅ አልነበሩም፤ የመጀመሪያ ስማቸውም ሥዩም ነበር። በዚያ ዘመን ከሕግ ሚስት ውጭ መወለድ ለአልጋ ከሚደረገው ሩጫ ከኋላ መነሳት ማለት ነው።

አባትየው ትልቅ ሰው ነበሩ፤ ዕድላቸው ግን የተቀላቀለ ነው። በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ ከሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጋር ተዋግተው ተማረኩ። በኋላ በ1888 ዓ.ም. ከዚያው ምኒልክ ጎን ዓድዋ ዘመቱ። በጥር 1893 ዓ.ም. ሲያርፉ አፄ ምኒልክ ጎጃምን ለአንድ ሰው አልሰጡም። ከፋፍለው ለተለያዩ መኳንንት አደሉት። ጎጃም ዳግመኛ አንድ ጠንካራ ንጉሥ እንዳይኖራት ነው።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ሥዩም ኃይሉ ተብለው፣ የራስነት ማዕረግ ይዘው ቀስ በቀስ የአባታቸውን ግዛት ሰበሰቡ። ደብረ ማርቆስ ተቀመጡ። ዛሬ ምዕራብ ጎጃም የምንለው ዳሞትም በእጃቸው ገባ። ልጃቸው ሰብለ ወንጌል ኃይሉ ለልጅ ኢያሱ ተዳረች፤ ስለዚህ ራስ ኃይሉ የአፄ ምኒልክ አልጋ ወራሽ አማት ሆኑ። ልጅ ኢያሱ በመስከረም 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ ግን ራስ ኃይሉ አብረው አልወደቁም። ግዛታቸውን እንደያዙ ቀጠሉ። ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ ማሽተት ያውቁ ነበር።

ነጋዴው ራስ

መኪና ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌይ የምትባል መኪና ይዞ፣ በረሃ አቋርጦ፣ ወራት የፈጀ ጉዞ አድርጎ አዲስ አበባ ደረሰ። በዚያን ጊዜ ባቡሩ ገና ድሬዳዋ ላይ ነበር፤ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። አፄ ምኒልክ መኪናዋ ላይ ወጥተው ተንሸራሸሩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ መኪና መያዝ የትልቅ ሰው ምልክት ሆነ።

ራስ ኃይሉ ዓለምን በዓይናቸው ያዩት በ1916 ዓ.ም. ነው። ያኔ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ በሚያዝያ ወር ወደ አውሮፓ ሲጓዙ ትልልቆቹን መኳንንት አስከትለው ነበር። የትግሬው ራስ ሥዩም መንገሻና የጎጃሙ ራስ ኃይሉ ከተጓዦቹ መካከል ነበሩ። ኢየሩሳሌምን፣ ካይሮን፣ ፓሪስን፣ ብራስልስን፣ ስቶክሆልምን፣ ለንደንን፣ አቴንስን አዩ። አርባ ልጆች የሚባሉት የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ከኢየሩሳሌም ወደ አገራችን የመጡት በዚሁ ጉዞ ሰበብ ነው።

እስቲ አስቡት። በቅሎ ላይ ተቀምጦ ያደገ ሰው ፓሪስ ላይ ቆሞ መንገዱ በመኪና ሲጎርፍ ሲያይ ምን ይለዋል? አብዛኛው መኳንንት አይቶ፣ ተደንቆ፣ ተመለሰ። ራስ ኃይሉ ግን ገበያ ነው ያዩት። አዲስ አበባ ላይ ታክሲ አሰማሩ፤ ሲኒማ ቤትም ነበራቸው። መሬት እንጂ ንግድ የመኳንንት ሥራ አይደለም በሚባልበት ዘመን አንድ ራስ ሰው በመኪና አሳፍሮ ሒሳብ ይቀበል ነበር ማለት ነው። በዛሬ አነጋገር ስታርትአፕ የጀመረ መስፍን በሉት። በዚህ በኩል ሰውየው ከዘመናቸው ቀድመው ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም።

ትከሻ

ችግሩ ያለው ዓባይ ላይ ነው።

ዛሬ ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን ስትሻገሩ አውቶብሱ ወደ አርባ ኪሎ ሜትር የሚሆን ጠመዝማዛ ይወርዳል፣ ይወጣል። ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። ጆሮ ይደፈናል፣ ፍሬን ይሸታል፣ ረዳቱ በመስኮት አንገቱን ያወጣል። ይህ ሁሉ አስፋልትና ድልድይ እያለ ነው። በራስ ኃይሉ ዘመን አስፋልትም፣ ድልድይም፣ አዲስ አበባን ከደብረ ማርቆስ የሚያገናኝ የመኪና መንገድም አልነበረም። የነበረው የበቅሎና የእግር መንገድ ነው።

ሆኖም ደብረ ማርቆስ ላይ መኪና ታየ። በጎጃም ሲነገር እንደኖረው መኪናው ተፈታትቶ በሰው ትከሻ ነው ሸለቆውን የተሻገረው።

መኪና የሚያውቅ ሰው ይህ እንዴት እንደሚሆን ይገባዋል። የዚያ ዘመን መኪና እንደ ዛሬው አካሉና ሻንሲው አንድ ወጥ አልነበረም። አካሉ ከሻንሲው ላይ በብሎን ይነሳል። ጎማው ይወልቃል፣ ፓራፋንጎው ይነቀላል፣ ራዲያተሩ ይወጣል፣ ባሌስትራው ይፈታል። እስከዚህ ድረስ ለበቅሎ ይጫናል። ሞተሩና የሻንሲው ረጃጅም ብረቶች ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። ያኔ ቀላል የምትባለው ፎርድ ሞዴል ቲ እንኳ በጠቅላላው ከ500 ኪሎ ግራም በላይ ትመዝናለች። የአንዲት በቅሎ ጭነት ደግሞ ከአንድ ኩንታል ብዙም አይዘልም። ስለዚህ ሞተሩ በወፍራም አጣና ላይ ይታሰራል፣ ሰዎች ከግራና ከቀኝ ይገቡበታል፣ እየተቀያየሩ ይሸከሙታል። ቁልቁል ሲወርድ የፊተኞቹን ይጫናል፣ ሽቅብ ሲወጣ የኋለኞቹን። መሃል ላይ ደግሞ ወንዙ አለ።

ደብረ ማርቆስ ሲደርስ ተገጣጠመ። ተነሳ። ሕዝቡ ወጥቶ አየ፤ እልልታውም አልቀረም ይሆናል። የተሸከሙት ሰዎች ስም ግን የትም አልተጻፈም።

እነዚህ ሰዎች ደመወዝተኛ አልነበሩም። በዚያ ሥርዓት ገበሬ ለጌታው ግብር ከመክፈል ሌላ ጉልበቱንም ይሰጥ ነበር፤ ያርሳል፣ አጥር ያጥራል፣ ጭነት ይሸከማል። የራስ ኃይሉ ግብር ደግሞ በጎጃም የታወቀ ነበር። በዚህም በዚያም ሰበብ አዲስ ክፍያ ይጣላል። ገበሬው ከደምበጫና ከቡሬ፣ ከቢቸናና ከሞጣ ለሚሰበሰበው ብር ምን እንደተሠራበት ሲጠይቅ መልሱ ዓይኑ ፊት ነበር። አቤቱታው ቀስ በቀስ አዲስ አበባ ደረሰ።

እንግዲህ የመኪናዋን ሞተር ቁጥር ብታገኙ ፋብሪካዋን ይነግራችኋል፤ የተሠራችበትን ዓመት ይነግራችኋል። ዋጋዋን ማን እንደከፈለ ግን ቁጥሩ አይነግራችሁም።

ውድቀት

አፄ ኃይለ ሥላሴ በጥቅምት 1923 ዓ.ም. ሲነግሡ የራስ ኃይሉ ምኞት የታወቀ ነበር፤ እንደ አባታቸው ንጉሠ ጎጃም መባል። አልሆነላቸውም። ማዕከላዊው መንግሥት እየጠነከረ ሲሄድ የአውራጃ ንጉሥ የሚባል ነገር ጊዜው እያለፈ ነበር።

በ1924 ዓ.ም. ሁለት ነገሮች በአንድ ላይ መጡባቸው። አንዱ የገበሬው ክስ ነው። ሁለተኛው የባሰ ሆነ፤ ፍቼ ላይ ታስረው የነበሩት የቀድሞ አማቻቸው ልጅ ኢያሱ በግንቦት ወር አመለጡ። ብዙም ሳይቆዩ ተያዙ። ራስ ኃይሉ በሤራው እጃቸው አለበት ተብለው ተከሰሱ፤ ሞት ተፈረደባቸው። ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ፣ ሀብታቸው ተወረሰ። ጎጃም ለራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ተሰጠ። ከሃምሳ ዓመት በላይ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈው ቤት በዚህ ተዘጋ።

እዚህ ላይ ታሪኩ ቢያበቃ ራስ ኃይሉን ዛሬ የምናስታውሳቸው እንደ አንድ ገንዘብ ወዳድ፣ ግን ንቁ መስፍን ነበር። አላበቃም።

የመጣው መንገድ

በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ጣሊያን ወደ አዲስ አበባ ሲቃረብ ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ወደ ጅቡቲ ተነሱ። እስረኛውን ራስ ኃይሉንም ይዘዋቸው ነበር፤ ከአገር ግን አብረው አልወጡም። ነፃ የወጡት ራስ ለጣሊያን ገቡ።

ያኔ ዕድሜያቸው ወደ ሰባ እየተጠጋ ነው። አርፈው መቀመጥ ይችሉ ነበር። ግን በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. የራስ ካሣ ልጆች አበራና አስፋወሰን ካሣ ሰላሌ ላይ በአርበኝነት ቆመው ሳሉ፣ እጃችሁን ስጡ፣ ምሕረት ታገኛላችሁ የሚል ሽምግልና ሄደባቸው። በዚያ ሽምግልና ውስጥ ራስ ኃይሉ ነበሩ። ሁለቱ ወንድማማቾች አምነው ገቡ። ፍቼ ላይ ተገደሉ።

በሽምግልና በሚያምን አገር ይህ እንዴት እንደሚታይ ማብራራት አያሻም።

ጣሊያን ደግሞ ራስ ኃይሉ ያልሠሩትን ሠራ፤ መንገድ። ለሠራዊቱ ማመላለሻ ሲል ዓባይን ድልድይ አበጀለት፤ ከደብረ ማርቆስ በደምበጫና በቡሬ በኩል ወደ ዳንግላና ባሕር ዳር የሚያልፍ የመኪና መንገድ ቀየሰ። ትሬንታ ኳትሮ ብለን የምንጠራው ፊያት 634 እና ላንቺያው የጭነት መኪና በዚህ መንገድ ተመላለሱ። ጨዋታችን ስለ እሽቅድምድም ብረት ነውና ይህችን ያዙ፤ የላንቺያ ኩባንያ መሥራች ቪንቼንዞ ላንቺያ በ1906 እ.ኤ.አ. ድርጅቱን ከማቋቋሙ በፊት የፊያት እሽቅድምድም ነጂ ነበር። በአውሮፓ አደባባይ ለዋንጫ የሮጠ ስም ጎጃም ላይ ጥይት ጭኖ ገባ።

ባሌስትራና ካንዴላ የሚሉት ቃላት ወደ ጎጃም ጋራዥ የገቡት እንግዲህ በዚህ በር ነው። በቀናው በር አይደለም።

ጎጃም ግን አልተገዛም። አርበኞቹ ጣሊያንን ከምሽግና ከመንገዱ አላስወጡትም። ጣሊያን ሲቸግረው በ1933 ዓ.ም. መግቢያ አካባቢ የቀድሞውን ገዥ አስታወሰ። ራስ ኃይሉ ሕዝቡን እንዲያባብሉለት ወደ ደብረ ማርቆስ ተመለሱ። የአባታቸው ከተማ ገቡ፤ በባዕድ ፈቃድ።

ብዙም አልቆየም። በጥር 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከሱዳን በኦሜድላ በኩል ገቡ። ኦርድ ዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ጦር አብሮ ነበር። ይህ ጦር ዕቃውን የጫነው በግመል ነው፤ ግመሎቹ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ነበሩ፣ በቆላውና በዳገቱ ላይ አለቁ። አሁንም ተሸካሚው ነው የሞተው። የካቲት 25 ቀን ጣሊያን ቡሬን ለቆ በዚያው በሠራው መንገድ ወደ ምሥራቅ ሸሸ። መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ። ራስ ኃይሉ ከተማዋን ይዘው ቆይተው እጃቸውን ሰጡ። ጣሊያን በዓባይ በኩል ሲያመልጥ መንገዱን መዝጋት የነበረበትን በላይ ዘለቀን ራስ ኃይሉ በጋብቻ ተስፋ አዘናግተውታል ተብሎም በሰፊው ይነገራል።

በሞት አልተቀጡም። አዲስ አበባ ተወስደው በቁም እስር ተቀመጡ። በ1940ዎቹ መጀመሪያ፣ ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆኗቸው አረፉ።

ከብረቱ ጀርባ

ከአዲስ አበባ 387 ኪሎ ሜትር ላይ ያለችው፣ ቀድሞ ወጀት ትባል የነበረችው ከተማ ዛሬ ስሟ ፍኖተ ሰላም ነው፤ የሰላም መንገድ። ይህን ስም ከራስ ኃይሉ ሕይወት ጎን ስናስቀምጠው አንድ ነገር ይታየናል። ሰውየው መኪናን ከብዙዎች ቀድመው ወደዱ። ወደ ጎጃምም አስገቡ። ነገር ግን መኪናዋ በሌላው ትከሻ ላይ ነው የመጣችው፤ ባለ ትከሻውም አልተሳፈረባትም። ሥልጣኔ የሚባለው ነገር ለአንድ ሰው ብቻ ሲመጣ እንዲህ ነው፤ ያምራል፣ ያስደንቃል፣ የትም አያደርስም። መንገዱን ባዕድ መጥቶ ሲሠራው ደግሞ ሰውየው ከባዕዱ ጋር ተሳፈሩ። የመጀመሪያው ስህተት ለሁለተኛው መንገድ ጠርጎ ነበር ብንል ያስኬዳል። የገዛ ሕዝቡን እንደ ጭነት ከብት ያየ ገዥ በክፉ ቀን ከማን ጋር ሊቆም ኖሯል?

አሁን ወደ ጋራዡ ጓሮ እንመለስ። በጎጃም መንገድ ዳር ባሉ ከተሞች ከጣሊያን ዘመንና ከዚያ በኋላ ከቀሩ መኪኖች የተረፈ ብረት ዛሬም ሊገኝ ይችላል። የበር መቃን የሆነ ባሌስትራ፣ የከብት ውኃ መጠጫ የሆነ ሰርባቶዮ፣ መቀመጫ የሆነ ጎማ ቸርኬ። እናንተ ደግሞ ኪሳችሁ ውስጥ ካሜራ አለ። እንዲህ ያለ ነገር ስታዩ አራት ነገር አድርጉ።

መጀመሪያ፣ ባለበት ሁኔታ ፎቶ አንሱት። ሁለተኛ፣ በግራይንደር አትፋቁት፤ ናፍጣ በነካ ጨርቅ ቀስ ብላችሁ ጥረጉና ቁጥር ያለበትን ቦታ በጠመኔ አሹት፣ የተመታው ቁጥር ነጥሮ ይወጣል። ሦስተኛ፣ ቁጥሩን ከአካሉ ስም ጋር ጻፉ፤ የሞተር ይሁን፣ የካምቢዮ፣ የዲናሞ።

አራተኛው ከሁሉ ይበልጣል። ከቤቱ አዛውንት ካሉ አጠገባቸው ቁጭ በሉና ጠይቋቸው። አባባ፣ ይህን ማን አመጣው? ማን ነዳው? ማን ተሸከመው? በላችሁ ድምፃቸውን ቅዱ። ብረቱን ፋብሪካ ካወቀው ከመቶ ዓመት በኋላም ቁጥሩን ማግኘት ይቻላል። የተሸካሚው ስም ያለው ግን አንድ ሰው ራስ ውስጥ ብቻ ነው፤ እሱን ቆራሌው እንኳ አይገዛውም፣ ከሰውየው ጋር ይቀበራል።

በሚቀጥለው ጊዜ የዓባይን በረሃ ስትሻገሩ፣ ከስልካችሁ ቀና በሉና ቁልቁለቱን እዩት። ያ ሞተር በዚህ ነው የወረደው።

ቸር እንሰንብት።